ቪታራ ልግዛ ወይስ ራቭ ፎር? ሁለቱን አይቶ አንዷን የመምረጫ መመሪያ

በወር ሦስት አራቴ የሁለት መኪና ፎቶ ይላክልኛል። አንዷ ሱዙኪ ቪታራ ናት፣ ሌላዋ ቶዮታ ራቭ ፎር። ከሥር ያለው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «የቷን ልግዛ?» ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ከመሬት ከፍ ይላሉ። ሁለቱም ስኮርት ጎማቸውን ኋላ በር ላይ አዝለዋል። ከሩቅ ላያቸው እህትማማች ይመስላሉ።

ካርቶን አንጥፎ ሥራቸው ለገባ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ስለዚህ በፎቶ መልስ አልሰጥም። ከዚህ በታች ያለውን በተራ ሥሩ፤ የቷ እንደምትሻላችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከኤሌክትሪክ መኪና ውጭ ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ የምትመርጡት እዚሁ ካለው ነው። እዚሁ ያለው ደግሞ አብዛኛው አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ዓመት የሠራ ነው። የሞዴሉ ስም የሚነግራችሁ ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ የምትነግራችሁ ፊታችሁ የቆመችው መኪና ናት። ከዚህ በኋላ የምጠራው የመኪና ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሻጭም ደላላም የሚጠሩት እንደዚያ ነውና።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የራሳችሁ መካኒክ። ሻጩ ወይም ደላላው «እኔ የማውቀው ልጅ አለ» ቢል አመስግናችሁ እለፉት።
- ደህና የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራት መኪና ሥር አይበቃም።
- ካርቶን ወይም አሮጌ ምንጣፍ፣ ሥር ለመተኛት።
- በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት።
- ነጭ ሶፍት።
- ደብተርና እስክሪብቶ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ ወገን ቪታራ፣ በሌላው ራቭ ፎር።
- ኮምፒውተር ማንበቢያ (ስካነር)፣ መካኒኩ ካለው። አሮጌዋ ቪታራ ላይ ግን ላይሠራ ይችላል። ካርቡሬተር ያላት ከሆነች ጭራሽ የሚነበብ ነገር የላትም።
- ለእያንዳንዷ መኪና ግማሽ ቀን። ጊዜ ከሌላችሁ ለሌላ ቀን አድርጉት።

1. የቷ ቪታራ? የቷ ራቭ ፎር?

በሁለቱም ስም የተለያዩ መኪኖች ይሸጣሉ። መጀመሪያ ይሄን ለዩ።

ለእኛ ኪስ የምትቀርበው ቪታራ ሦስት ናት። የመጀመሪያዋ ከ1988 እስከ 1998 የተሠራችው ናት። የምናውቃት ባለ 1.6 ሞተሯን ነው። ከሥር እንደ ፒክአፕ ለብቻው የቆመ ሻንሲ አላት። በአዘቦት ቀን የምትሄደው በኋላ ጎማ ነው፤ ፎር ዊል ሲያስፈልግ ከዋናው ማርሽ ጎን ባለችው ትንሿ ዘንግ ይገባል። ሁለተኛዋ ከ1998 እስከ 2005 የወጣችው ግራንድ ቪታራ ናት። አሠራሯ ያው ሆኖ ሞተሯ አድጓል፤ 2.0 አላት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 2.5ም አላት። ሦስተኛዋ ከ2005 እስከ 2015 ያለችው ግራንድ ቪታራ ናት። የዚች ሻንሲ ከቦዲው ጋር አንድ ላይ ተበይዷል። ፎር ዊሏም ሁልጊዜ የሚሠራ ሆኖ ማዞሪያው ዳሽቦርድ ላይ ነው።

ራቭ ፎርም ለእኛ ኪስ የምትቀርበው ሦስት ናት፦ ከ1994 እስከ 2000፣ ከ2000 እስከ 2005፣ ከ2005 እስከ 2012። ሦስቱም ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ ነው። ሦስቱም «ሎው» የሚባለው ከባድ ማርሽ የላቸውም።

ይሄ ለምን አስፈለገ? አንደኛ፣ መለዋወጫው አይገጥምም። የ2003 ግራንድ ቪታራ ዕቃ ይዛችሁ የ2007ቷ ጋ ብትሄዱ አይሠራላችሁም። ሁለተኛ፣ የታይሚንጉ (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜያቸው የሚያስኬደው ክፍል) ነገር አለ። የመጀመሪያዋ ቪታራና የመጀመሪያዋ ራቭ ፎር በችንጋ (ቤልት) ነው የሚሠሩት። 2.0 ግራንድ ቪታራና ከ2000 ወዲህ ያሉት ቤንዚን ራቭ ፎሮች ግን በካቴና (ቼን) ናቸው። ችንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ሻጩ «አስቀይሬዋለሁ» ካለ ደረሰኝ ወይም ኮፈኑ ውስጥ የተለጠፈ ኪሎ ሜትር ያሳያችሁ። ካላሳየ አልተቀየረም ብላችሁ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

የተለመደ ስህተት፦ በተመሳሳይ ዋጋ የቀረቡ የ1996 ቪታራና የ2004 ራቭ ፎርን እንደ እኩያ ማወዳደር። ስምንት ዓመት የምታንሰው ለምን በዚያ ዋጋ እንደቀረበች ሳትጠይቁ አትለፉ።

2. መንገዳችሁን ጻፉ

ምኞታችሁን ሳይሆን መንገዳችሁን። ያለፈውን አንድ ወር አስቡና የት የት እንደሄዳችሁ፣ ስንት ሰው እንደያዛችሁ፣ ምን እንደጫናችሁ ጻፉ። አብዛኛው ሰው «ገጠር እወጣለሁ» ይላል። ሲጻፍ ግን በዓመት ሁለቴ ሆኖ ይገኛል፤ ለዚያውም በአስፋልት።

መንገዳችሁ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና አልፎ አልፎ ጠጠር ከሆነ ራቭ ፎር ትሻላችኋለች። አራቱም ጎማዎቿ ለየብቻ ስለሚያርገበግቡ ጉድጓድ ላይ አትፈነጥርም። አራቱንም ጎማ የምታሽከረክረዋ ዓይነት ደግሞ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ረግታ ትሄዳለች። አሮጌዋ ቪታራ እዚያው መንገድ ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ነው የምትገፋው። ወንበሩ ባዶ ሆኖ መታጠፊያ ላይ ቤንዚን ከረገጣችሁባት ኋላዋ ሊሸሽ ይችላል።

በየወሩ ጭቃ፣ ድንጋይና ዳገት የምትወጡ ከሆነ ቪታራ ናት። ምክንያቱ ሎው ማርሹ ነው። ሎው ሲገባ መኪናዋ በዝግታ፣ በብዙ ጉልበት ትወጣለች። ፍሪሲዮን ግማሽ እየረገጣችሁ አታቃጥሉም። ቁልቁለት ላይም ፍሬን ሳትይዙ ሞተሩ ራሱ ይዟት ይወርዳል። ለብቻው የቆመው ሻንሲ ደግሞ አንድ ጎማ ጉድጓድ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲሆን የሚመጣውን መጠምዘዝ ይችለዋል።

መሀል ላይ ላለ ሰው፣ ማለትም ሳምንቱን ከተማ ሆኖ ቅዳሜና እሑድ እርሻ ለሚሄድ፣ እኔ የምመርጠው ከ2005 ወዲህ ያለችውን ግራንድ ቪታራ ነው። እንደ ከተማ መኪና ትሄዳለች፣ ሎውም አላት። ግን ከነዚህ ሎው የሌላቸውም አሉ። ለማረጋገጫው ቁጥር 7 ላይ እንመለሳለን።

ሁለት ነገር ጨምሩ። ባለ ሦስት በሯ ትረክሳለች፤ ልጆች ካሏችሁ ግን በየጠዋቱ የፊት ወንበር እያጠፋችሁ ታስገባላችሁ። ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ በግምት አንድ አምስተኛውን ያጣል። 1.6 ቪታራ አምስት ሰው ይዛ ዳገት ስትወጣ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ዘወትር ሞልታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከ2.0 አትውረዱ።

3. ዕቃ ጠይቁ፣ ነዳጅ አስሉ

መኪና ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ከሰዓት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ዙሩ። ስድስት ዕቃ ጻፉ፦ የፊት ሾክ፣ የመሪ ቴስቲና፣ ሙሉ ፍሪሲዮን፣ ራዲያተር፣ የፊት መብራት፣ የታይሚንግ ዕቃ። ለሁለቱም መኪና፣ ዓመቱንና የሞተሩን መጠን ጠቅሳችሁ ሦስት ዋጋ ጠይቁ፦ የኦሪጅናል፣ ያገለገለ፣ የቻይና።

ዋጋው ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ሦስት ሱቅ ገብታችሁ ሦስቱም «ለሷ የለም፣ ትዕዛዝ ነው» ካሏችሁ ያቺ መኪና አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ወር ልትቆም ነው። በተለይ ባለ ስድስት ሲሊንደሯን ግራንድ ቪታራ የምታስቡ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትንቀሳቀሱ።

ነዳጅ ላይ ሰው ከሚያወራው ያነሰ ልዩነት ነው ያለው። ባለ 2.0ዎቹ ግራንድ ቪታራና ራቭ ፎር በፋብሪካው ልኬት ሁለቱም በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር አካባቢ ናቸው። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ሁለቱም ከዚያ ይበልጣሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው የሞተሩ ጤና ነው። እንዲህ አስሉት፦ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን፣ 1,040 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንዷ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 104 ሊትር ትፈጃለች። ሌላዋ በሊትር 8 ብትሄድ 130 ሊትር። ልዩነቱ በወር 26 ሊትር ነው። በዕለቱ የቤንዚን ዋጋ አባዙትና በ12 ወር ምቱት። ከመሸጫ ዋጋቸው ልዩነት ጎን አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ «ነዳጅ ትበላለች» ተብላ የተናቀችው መኪና በዋጋዋ አካክሳው ትገኛለች።

4. ወረቀቱን ከሞተሩ በፊት

ለመካኒክ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውን እዩ። ወረቀቱ ካልሆነ ሞተሩ ወርቅ ቢሆንም ዋጋ የለውም።

- የሻጩ መታወቂያና ሊብሬው ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን አረጋግጡ። የባለቤቱን ስልክ ተቀብላችሁ ደውሉ።
- የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በባትሪ እያበራችሁ፣ ፊደል በፊደል ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። በቁጥሩ ዙሪያ የመፈግፈግ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ እዚያው ተሰናበቱ።
- ፋይሏ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኗን አጣሩ። የባንክ ብድር ወይም የፍርድ ቤት እግድ ካለባት ስም አይዛወርም።
- ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች መብቱ ለሌለው ሰው ስትተላለፍ ቀረጥ ይጠየቅባታል። ማን እንደሚከፍል ሳይጻፍ ስለ ዋጋ አታውሩ።
- ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሷ መቼ እንደሚያበቃ ጻፉ።

5. ሞተሩን በብርዱ

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ ትሠራላችሁ ብባል ይሄን እመርጥ ነበር። የታመመ ሞተር የሚታወቀው ጠዋት ሲነሳ ነው። ሲሞቅ ብዙው ነገር ይደበቃል።

ማታ ለሻጩ ደውሉ፦ «ጠዋት አንድ ሰዓት እመጣለሁ፣ እስክመጣ እንዳታስነሳት።» ስትደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካለ ለነገ ቀጥሩት። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ያየሁት እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሻጩ «አሁን ከሥራ መጣሁባት» አለኝ። አመንኩት። በማግስቱ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ስትነሳ በሰማያዊ ጭስ ጎረቤቴ ልብሷን ከገመድ ላይ ሰበሰበች።

ቀዝቃዛ ከሆነች እንዲህ ቀጥሉ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡና ሶፍት ላይ ጥረጉት። መጥቆሩ ችግር የለውም። ከዝቅተኛው ምልክት በታች መሆኑ ግን ይናገራል። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ባለ 2.4 ራቭ ፎሮች ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው። ከፒስተኑ ቀለበት ዘይት የሚመልሱት ቀዳዳዎች እየተደፈኑ ዘይቱ አብሮ ይቃጠላል። ባለቤቱን «በሁለት ዘይት መቀየሪያ መሀል ስንት ትጨምራለህ?» ብላችሁ በወሬ መሀል ጣል አድርጉለት። «አንድ ሊትር ብቻ» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የዘይት መክደኛውን ክፈቱ። ከውስጥ እንደ ክሬም ያለ፣ ቡና በወተት የሚመስል ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወይም ጋርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ይሆናል። ከዚህ በላይ አትድከሙ።

ራዲያተሩን ክፈቱ። ውሃው ዝገት ይመስላል? ላዩ ላይ የዘይት ቅባት ይንሳፈፋል? የክዳኑ ላስቲክ ተሰንጥቋል? ክዳን ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ውስጥ ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካስተነፈሰ ጤነኛ ሞተርም ዳገት ላይ ያፈላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ራዲያተር የሚከፈተው በብርዱ ብቻ ነው። የሞቀውን ከከፈታችሁት የፈላው ውሃ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። «በጨርቅ ይዘህ ክፈተው» የሚላችሁን አትስሙ።

አሁን አስነሱ። አንዳችሁ ከኋላ ማርሚታው ጋ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ መብዛት ነው፤ ከሦስቱ የሚቀለው እሱ ነው። ጆሯችሁን ካቴናው ወዳለበት የሞተሩ ጫፍ አቅርቡ፤ ቪታራ ላይ ከፊት ነው፣ ራቭ ፎር ላይ ከጎን። በካቴና የሚሠሩት ላይ ስትነሳ የሚንኳኳና ቶሎ የማይጠፋ የብረት ድምፅ ካለ ካቴናው ወይም ወጣሪው አርጅቷል። ከዚያ የሙቀት መርፌው መሀል ላይ እስኪረጋ ድረስ ቆማ ትሥራ። ሻጩ ይቸኩላል። እናንተ አትቸኩሉ።

6. ቦዲና ሥር

ማግኔቷን በበሮቹ ታች፣ በፓራፋንጎውና በጣሪያው ጠርዝ አስሂዱ። ሳትይዝ የምትንሸራተትበት ቦታ ላሜራው ላይ እስቱኮ (የቦዲ መሙያ) አለ። ትንሽ እስቱኮ መኪና አይጥልም። የት እንዳለ ግን ማወቅ አለባችሁ፤ ጣሪያው ላይ ከሆነ ተገልብጣ ታውቅ ይሆናል።

የኋላ በሩን ግማሽ ክፈቱና ከሥሩ ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ስኮርቱ ስለሚከብደው ማጠፊያው ያልቃል። ከተወዛወዘ የጠጠር መንገድ ብዙ በልታለች ማለት ነው።

ካርቶኑን አንጥፉና ግቡ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ሁለቱም ከፍ ያሉ ስለሆኑ ሳይነሱም ይታያሉ። ቪታራ ላይ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በባትሪ ተከተሉት፦ የተበየደ፣ የታጠፈ፣ ዝገት የበላው ቦታ ፈልጉ። ራቭ ፎር ላይ ሻንሲ ስለሌለ ኮፈን ክፈቱና ከሾኮቹ ራስ ጀምሮ ወደ ፊት የሚሄዱትን ሁለት የብረት ጫፎች ግራና ቀኝ አወዳድሩ። የፋብሪካ ብየዳ ነጠብጣቡ እኩል እኩል ነው። የጋራዥ ብየዳ እንደ ጠባሳ ይታያል። ከዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው ሳጥን) የሚንጠባጠብ ዘይትና የተቀደደ የአክስል ላስቲክ ካለ ዋጋውን ጻፉ።

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ቢል በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱም አንድ መጠንና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው። ምክንያቱ ቀጥሎ ይመጣል።

7. ፎር ዊሉን ፈትኑት

ብዙ ሰው ፎር ዊል ብሎ ከፍሎ ፎር ዊሉን ሳይሞክር ይገዛል። አንድ ዓመት ቆይቶ ጭቃ ውስጥ ነው የሚያውቀው።

ራቭ ፎር ከሆነች፦ መጀመሪያ ፎር ዊል መሆኗን አረጋግጡ። በፊት ጎማ ብቻ የምትሄድ ራቭ ፎር አለች። ከውጭ ልዩነት የላትም። ሥሯ ግቡና ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግና ኋላ መሀል ላይ ዲፈረንሻል ፈልጉ። ከሌለ በፊት ጎማ ብቻ ነው። ይሄ ጉድለት አይደለም፤ ዋጋዋ ግን እንደ ፎር ዊል መሆን የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ፎር ዊል ከሆኑ ሁልጊዜ በአራቱም ነው የሚሄዱት። ሜዳ ላይ መሪውን እስከ ጥጉ አዙራችሁ በቀስታ ክብ ሥሩ። ወደ ኋላ የሚይዛት፣ የምትዘል ወይም የምትንተፋተፍ ከሆነ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው መሀል ያለው ማከፋፈያ ደርቋል ወይም የተለያየ ጎማ ገጥመውላታል። የጎማው መጠን ሲለያይ ያ ክፍል ቀጥ ባለ መንገድም እረፍት አያገኝም፤ ሙቀት ይጨርሰዋል። ሦስተኛዋ፣ ከ2005 ወዲህ ያለችው፣ «ሎክ» የሚል ማብሪያ አላት። ስትጫኑት መብራቱ ይበራል። በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዱ በራሱ ይለቃል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ።

አሮጌዋ ቪታራ ወይም ከ2005 በፊት ያለችው ግራንድ ቪታራ ከሆነች፦ ፈተናው አፈር ላይ ብቻ ነው። የፊት ጎማው መሀል ላይ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ካለ ወርዳችሁ ሁለቱንም ወደ «ሎክ» አዙሩ። ይሄን ሳያዞሩ ትንሿን ማርሽ ብቻ አስገብተው «ፎር ዊሉ ሞቷል» ብለው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ቁሙ፣ ሎው አስገቡ፣ አጭር ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ቤንዚን ሳትረግጡ ልቀቋት። እየተጎተተች መውጣት አለባት። ማርሹ ከዘለለ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ካለ ማከፋፈያ ሳጥኑ ሥራ ይፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይችን መኪና ፎር ዊል አስገብታችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ አትንዱ። ስትታጠፉ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት ይለያያል። ልዩነቱን የሚያቻችል ነገር መሀል ላይ የላትም። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያቻችለዋል። አስፋልት ላይ ግን ወይ ጎማው ይበላል ወይ ጥርሱ ይሰበራል።

ከ2005 ወዲህ ያለችው ግራንድ ቪታራ ከሆነች፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማዞሪያ እዩ። ኒውትራል፣ 4 ሃይ፣ 4 ሃይ ሎክ፣ 4 ሎው ሎክ የሚሉ አራት ቦታዎች ካሉት ሙሉዋ ናት። ማዞሪያው ጭራሽ ከሌለ ሎው የሌላት ዓይነት ናት፤ ያኔ ከራቭ ፎር የምትበልጥበት ዋናው ምክንያት ቀረ። ካለው መኪናዋን አቁማችሁ፣ ማንዋል ከሆነች ፍሪሲዮን ረግጣችሁ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ኒውትራል አድርጋችሁ 4 ሎው ላይ አዙሩ። መብራቱ ጥቂት ብልጭ ብልጭ ብሎ መርጋት አለበት። ሳይረጋ ከቀረ አልገባም።

8. ዳገት ላይ ንዷት

መጀመሪያ ሻጩ ይንዳ፣ እናንተ ጎን ተቀምጡ። ማርሽ ሲቀይር የሚጠነቀቅበት ቦታ ካለ ችግሩን እሱ ያውቀዋል። ከዚያ እናንተ ያዙ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ጉልበትን፣ ሙቀትንና ፍሪሲዮንን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ስትወጡ የሙቀት መርፌው መሀል ላይ ይቆይ። በሦስተኛ ማርሽ ስትረግጡ የሞተሩ ጩኸት ጨምሮ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ስትወርዱ ፍሬኑ ወደ ጎን ይጎትት እንደሆነ እዩ።

ከ2001 እስከ 2003 የተሠራች አውቶማቲክ ራቭ ፎር ከሆነች ማርሽ ስትቀይር አዳምጧት። ከኋላ የተገጨች ያህል ከደነገጠች ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ኮምፒውተር ይጀምራል። ቶሎ ካልተሠራ ግን ካምቢዮውንም ይዞት ይሄዳል። ሻጩ «ዘይት ሲቀየርላት ይተዋታል» ይላል። አይተዋትም።

9. ደብተሩን ደምሩ

ለእያንዳንዱ የጻፋችሁት ጉድለት መካኒኩ ዋጋ ይስጥበት፣ የእጅ ዋጋውን ጨምሮ። ከዚያ በመሸጫ ዋጋው ላይ ደምሩት። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፦ ቪታራ 1,500,000 ተጠይቆባት 220,000 ጥገና ካላት 1,720,000 ናት። ራቭ ፎር 1,620,000 ተጠይቆባት 40,000 ካላት 1,660,000 ናት። ርካሽ የመሰለችው ተወደደች።

ቁጥሩ ሲቀራረብ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱና መንገዳችሁ ይወስን። ቁጥሩ በጣም ከተራራቀ ግን ደህናዋን ግዙ፤ የታመመች ቪታራ ገጠር አታደርሳችሁም። ሁለቱም ከታመሙ ሦስተኛ ፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። ሁለት ሳምንት ለፍቶ ባዶ እጁን መመለስ ይከብደዋል።

ስትከራከሩ «ቀንስልኝ» ብቻ አትበሉ። ዝርዝሩን አውጥታችሁ «ፍሪሲዮን ይሄን ያህል፣ ጎማ ይሄን ያህል» በሉ። ሻጭ ለልመና ብዙም አይቀንስም፤ ለዝርዝር ይቀንሳል።

10. ቀብድ፣ ውል፣ ክፍያ

ከቁጥር 4 እስከ 8 ያለውን ሳትጨርሱ ቀብድ አትስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ውላችሁ ሌላ ካላለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከቀየረ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ደላላው «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው» የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ተፈራረሙ። ያልተከፈለ ቅጣት፣ የስም ማዛወሪያ ወጪና የደላላ ክፍያ በማን ላይ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ገንዘቡ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን፤ በሊብሬው ስም ላለው ሰው ሒሳብ እንጂ ለወንድሙ አይደለም። «በውክልና ያዛት፣ ስሙን ቀስ ብለን እናዛውራለን» የሚለውን አትቀበሉ። መኪናዋ እስካልዞረች ድረስ የሱ ዕዳ የናንተ መኪና ላይ ሊያርፍ ይችላል።

የመጀመሪያው ሳምንት

የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ። የካምቢዮ፣ የዲፈረንሻልና የማከፋፈያ ሳጥን ዘይትም አስቀይሩ፤ ቪታራ ላይ እነዚህ ሁለት ዲፈረንሻልና አንድ ሳጥን ናቸው፣ ቀዳሚው ባለቤት ብዙ ጊዜ አንዱን ይረሳዋል። የራዲያተሩን ውሃ አፍስሱና ኩላንት ሙሉ። በችንጋ የምትሠራ ከሆነችና ማስረጃ ካላገኛችሁ ታይሚንጉን ሳታስቀይሩ ረጅም መንገድ አትውጡ።

ስኮርቱንም አውርዳችሁ ንፋሱን ለኩ፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን እዩ። እኔ ክሪክ አብሮ እንዳልተሸጠልኝ ያወቅሁት ሞጆን እንዳለፍኩ ጎማ ሲተነፍስብኝ ነው።